ሦስት ፊደል ገብቶ ዘጠኝ ምልክት ሲወጣ

ወረቀቱ እንደሞቀ ወጣ። ከላይ በኩል አንድ አጭር መስመር አለ፤ ቀሪው ነጭ ነው። መስመሩ ላይ ዘጠኝ ምልክቶች ተደርድረዋል፦ ጀርመኖች ለድርብ «ስ» የሚጽፉት ፊደል ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ከእያንዳንዱ ቀጥሎ ቆብ የደፋ የላቲን «ኢ» አለ፤ መሀል ላይ ነጠብጣብ የሞላው ሳጥንና ሁለት ነጥብ የተጫነበት «አይ» ገብተዋል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የጃፓኖች የን ምልክት ተቀምጧል። ከኮምፒውተሩ የተላከው ፋይል ውስጥ የነበረው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ሰላም»።

«ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» ተባለ። ኬብሉ ተነቅሎ ተሰካ፣ ፕሪንተሩ ጠፍቶ በራ፣ ኮምፒውተሩ የሚታተሙ ሥራዎችን የሚያሰልፍበት ወረፋ ተሰርዞ እንደ አዲስ ተሠራ። ዘጠኙ ምልክቶች በዚያው ቅደም ተከተል ተመልሰው መጡ። ያ ወረቀት ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል። የተበላሸ ዕቃ አንድ ጊዜ እንዲህ፣ ሌላ ጊዜ እንዲያ ያደርጋል፤ ይህ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ሦስት ፊደል ገብቶ ዘጠኝ ምልክት ከወጣ ደግሞ ለአንድ ፊደል ሦስት ምልክት ደርሶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ስሌት ከብልሽት አይመጣም።

ዩኒክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የኔትወርክ ፕሪንተር መትከል ያስቸግራል የሚባለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከፋይሉ እስከ ወረቀቱ ድረስ አራት አምስት እጆች ይቀባበላሉ። እያንዳንዱ እጅ የሚያውቀው የራሱን ድርሻ ነው። «ጨረስኩ» ሲል «ለቀጣዩ አስረከብኩ» ማለቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ምን እንደወጣ አላየም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ከመጀመሪያው እጅ ተነስቶ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው የሚያዋጣው።

አድራሻው የማይንቀሳቀስ ፕሪንተር

ኮምፒውተሩን ከመንካት በፊት ፕሪንተሩ የራሱን የውቅር ገጽ እንዲያትም ማድረግ ይገባል። አብዛኞቹ የቢሮ ፕሪንተሮች ይህን ከራሳቸው ሜኑ ላይ ያወጣሉ። ገጹ ላይ የሚፈለጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ አይፒ አድራሻው (በኔትወርኩ ላይ የሚጠራበት ቁጥር)፣ ማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው መለያ)፣ ምን ያህል ሜሞሪ እንዳለው፣ እና የትኞቹን የፕሪንተር ቋንቋዎች እንደሚረዳ፤ ፒሲኤል፣ ፖስትስክሪፕት ወይስ ፒዲኤፍን በቀጥታ። ይህ ወረቀት አይጣል። ከፕሪንተሩ ጎን ተለጥፎ ይቀመጥ።

ቀጥሎ አድራሻውን ማጽናት ነው። ፕሪንተሩ አድራሻውን ከራውተሩ በዲኤችሲፒ፣ ማለትም አድራሻ በራሱ በሚታደልበት አሠራር፣ የሚቀበል ከሆነ፣ ዛሬ 192.168.1.50 የነበረው ነገ 192.168.1.57 ሊሆን ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩም ፕሪንተሩም አብረው እንደ አዲስ ስለሚነሱ፣ በእኛ አገር ይህ በሳምንት ሁለት ጊዜም ሊያጋጥም ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ወረፋ ግን የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ ማክ አድራሻ ቋሚ አይፒ ማስያዝ ነው። ሁለተኛው ፕሪንተሩ ላይ በእጅ መጻፍ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አንድ ቀን አንድ ስልክ ያንኑ አድራሻ ይዞ ይመጣና ሁለቱ ይጋጫሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሁሉም አድራሻ አንድ ቦታ ተጽፎ ይገኛልና።

ከዚያ ከዩኒክሱ ተርሚናል፣ ትዕዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት፣ ፒንግ ማድረግ፤ «አለህ ወይ?» ብሎ አድራሻውን መጠየቅ ነው። ፒንግ መለሰ ማለት ግን ፕሪንተሩ ሥራ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ መስመሩ ላይ አለ ማለት ብቻ ነው። ፖርቶቹ፣ ማለትም ሥራ የሚገባባቸው ባለ ቁጥር በሮች፣ ክፍት መሆናቸውን ኔትካት በሚባለው ትዕዛዝ መሞከር ያስፈልጋል፦ 9100፣ 515፣ 631። ፒንግ እየሠራ ፖርቶቹ ሁሉ ከተዘጉ፣ ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩ ውስጥ ያለ የተፈቀደላቸው አድራሻዎች ዝርዝር ነው የሚከለክለው።

ሦስቱ በሮች

ፖርት 9100 ከሁሉም ቀላሉ ነው። ኤችፒ ጄትዳይሬክት ለሚባሉት የፕሪንተር ኔትወርክ ካርዶቹ ያመጣው አሠራር ሲሆን ዛሬ አብዛኛው አምራች ይጠቀምበታል። ስም አይጠይቅ፣ ፈቃድ አይጠይቅ፤ የገባለትን ባይት (ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) እንዳለ ለፕሪንተሩ ያቀብላል። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ የለም፦ ጥቂት የላቲን ፊደል በኔትካት ወደ 9100 መላክና ምን እንደሚወጣ ማየት። ምንም ሳይወጣ መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ አትደንግጡ። ሌዘር ፕሪንተር ገጽ በገጽ እንጂ መስመር በመስመር አያትምም፤ ገጹ ማለቁን እስኪሰማ ሊጠብቅ ይችላል። ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ባይት 12ን፣ ማለትም የገጽ ማስወጫውን፣ መጨመር ይበቃል። ፖስትስክሪፕት ብቻ የሚያውቅ ፕሪንተር ወይም ሥራውን ሁሉ ለኮምፒውተሩ የሚተው ርካሽ ፕሪንተር ከሆነ ግን ተራ ጽሑፍን ጨርሶ አይረዳም፤ ዝም ቢል በእሱ አይፈረድም።

የ9100 ድካም መልስ አለመስጠቱ ነው። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ቢልኩ አንዱ ይጠብቃል። ባይቶቹ ሲያልቁ ኮምፒውተሩ «ተጠናቋል» ይላል፤ ወረቀት ያልቅ፣ ይጣበቅ፣ እሱ አያውቅም። ወረፋው ባዶ፣ ትሪውም ባዶ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ፖርት 515 የኤልፒዲ ነው፤ የበርክሌይ ዩኒክስ የኅትመት አሠራር ሲሆን ፕሮቶኮሉ (የመነጋገሪያ ደንቡ) እ.ኤ.አ. በ1990 በሰነድ ተጽፎ ወጣ። እዚህ ከአድራሻው በተጨማሪ ፕሪንተሩ ውስጥ ያለው የወረፋ ስም ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም በዚሁ ስም ነው። በጄትዳይሬክት ላይ ለምሳሌ «ሮው» እና «ቴክስት» የሚባሉ ወረፋዎች አሉ፤ የመጀመሪያው እንዳለ ያሳልፋል፣ ሁለተኛው ለተራ ጽሑፍ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ልዩነታቸው ወደ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

ከዩኒክስ ዝርያዎች አንዱ የሆነው ፍሪቢኤስዲ ዛሬም ኤልፒዲን ከነሥርዓቱ ይዟል። ኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ባለው የፕሪንትካፕ ፋይል ለእያንዳንዱ ፕሪንተር አንድ አንቀጽ ይጻፋል፦ «አርኤም» የፕሪንተሩ አድራሻ፣ «አርፒ» እዚያ ያለው የወረፋ ስም፣ «ኤስዲ» ሥራዎቹ የሚጠራቀሙበት ማውጫ፣ «ኤልኤፍ» የስህተት መዝገብ። «ኤስኤች» ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት የሚወጣውን የስም ገጽ ያስቀራል። «ኤምኤክስ» ዜሮ መሆን አለበት፤ በአሮጌዎቹ ሥርዓቶች ላይ ካልተጻፈ ገደቡ 1000 ብሎክ፣ ማለትም 1 ሜጋባይት ገደማ ነውና ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል ይቋረጣል። የማጠራቀሚያው ማውጫ ባለቤትም ቡድንም «ዴመን» የሚባለው የሥርዓቱ ተጠቃሚ ሆኖ ፈቃዱ 770 (ለባለቤቱና ለቡድኑ ብቻ ክፍት) ይሁን። ይህን የረሳ ሰው ትዕዛዙን ሲሰጥ ምንም የማይሆንበት ምክንያት ይጠፋዋል፤ መልሱ ያለው ያ የስህተት መዝገብ ውስጥ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ማጣሪያ፣ ማለትም ፋይሉን ወደ ፕሪንተሩ ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም፣ «አይኤፍ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች በአንዳንድ ሥርዓቶች ላይ «አርኤም» ባለበት ማጣሪያው ሊዘለል እንደሚችል አያስተውሉም። እንዲህ ባሉት ላይ ሥራው በሌላ ማሽን ይጣራል ተብሎ ስለሚታሰብ እንዳለ ይላካል። መውጫው «አርኤም»ን ትቶ በ«ኤልፒ» ቦታ «9100»ን ከፕሪንተሩ አድራሻ ጋር በአት ምልክት አያይዞ መጻፍ ነው፤ ያኔ ማጣሪያው እዚሁ ይሠራል።

ፖርት 631 አይፒፒ የሚባለው የኅትመት ፕሮቶኮል ነው፣ ዛሬ አዲስ ለሚተክል ሰው የምመክረውም ይህን ነው። ካፕስ የሚባለው የዩኒክስ የኅትመት ሥርዓት የቆመው በእሱ ላይ ነው፤ ማይክል ስዊት እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው ሥራ ሲሆን በ2002 አፕል በማክ ኮምፒውተሮቹ ውስጥ አስገባው፣ በ2007 ደግሞ ገዛው። አይፒፒ ይነጋገራል፦ ፕሪንተሩ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀበል፣ ምን ዓይነት ወረቀት እንዳለው፣ ምን እንደጎደለው ይናገራል። ስለዚህ የተለየ ድራይቨር ፍለጋ መሄድ ሳያስፈልግ ኤልፒአድሚን በሚባለው ትዕዛዝ ወረፋ ይሠራል። ከ«ፒ» በኋላ የወረፋው ስም፣ ከ«ቪ» በኋላ አድራሻው፣ ከ«ኤም» በኋላ «ኤቭሪዌር» የሚለው ቃል። አድራሻው ከአይፒ ቁጥሩ በኋላ እዝባር፣ «አይፒፒ»፣ እዝባር፣ «ፕሪንት» ይላል።

በዚሁ ትዕዛዝ ውስጥ ትልቁን የላቲን «ኢ» የምታስቀምጡበትን ቦታ ግን ልብ በሉ። ከስሙ በኋላ ከመጣ «ወረፋውን ክፈት፣ ሥራ ተቀበል» ማለት ነው። ከ«ፒ» በፊት ከመጣ ደግሞ «ከሰርቨሩ ጋር በምስጢር ተነጋገር» ማለት ይሆናል፣ ወረፋውም ሳይከፈት ይቀራል። አንዲት ፊደል ቦታዋን ስትለውጥ ትርጉሟ ይገለበጣል፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም። የወረፋዎችን ሁኔታ የሚያሳየውን ኤልፒስታትን ከ«ቲ» ጋር ስትጠሩ «ወረፋው ቆሟል» ብሎ ከመለሰላችሁ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ። አንድ ሥራ ሲከሽፍ ወረፋው ራሱን እንዲያቆም የተደነገገበት ሥርዓትም ብዙ ነው። ፕሪንተሩ ቢስተካከልም ካፕስኢኔብል የሚለውን ትዕዛዝ እስክትሰጡት ድረስ አንድ ገጽ አያወጣም። የስህተት ደንቡን ሥራውን ደጋግሞ እንዲሞክር መቀየር ይቻላል፤ ሰው በማይጠብቀው ክፍል ውስጥ ላለ ፕሪንተር እንዲያውም ግድ ነው።

የመስመሩ መጨረሻ

ወደ ዘጠኙ ምልክቶች ከመመለሴ በፊት አንድ የቆየ ሕመም ላንሳ። ተራ የላቲን ጽሑፍ ከዩኒክስ ወደ 9100 ሲላክ የመጀመሪያው መስመር ከግራ ይጀምራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ካለቀበት ሥር፤ ሦስተኛው የበለጠ ወደ ቀኝ፤ እንደ ደረጃ እየወረደ ከወረቀቱ ጠርዝ ይወድቃል። ምክንያቱ ዩኒክስ መስመርን የሚጨርሰው በአንድ ባይት፣ በ10፣ መሆኑ ነው። ፕሪንተሩ 10ን «አንድ መስመር ውረድ» ብሎ ብቻ ይረዳዋል፤ «ወደ ግራ ተመለስ» የሚለው 13 ነው፣ እሱ ደግሞ አልተላከም።

ይህ ልማድ ከዩኒክስ ጅማሮ ጋር የተያያዘ ነው። ዩኒክስ ገና በልጅነቱ እንጀራውን የበላው ጽሑፍ በማዘጋጀት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1971 በቤል ላብስ የፓተንት ክፍሉ ጸሐፊዎች ማመልከቻዎቻቸውን ያሰናዱት በእሱ ነበር። የመስመር መጨረሻን በአንድ ባይት መያዝን ከእሱ በፊት ከነበረው ከማልቲክስ ሥርዓት ወረሰ፤ መተርጎሙን ለመውጫው መሣሪያ ድራይቨር ተወው። 9100 ላይ በቀጥታ ስንልክ ያ ተርጓሚ መሀል ላይ የለም።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው። በኤልፒዲ ከሆነ ቀደም ብዬ ያነሳሁት «ቴክስት» ወረፋ 13ን ራሱ ይጨምራል። በማጣሪያ ከሆነ ከእያንዳንዱ 10 በፊት 13 ማስገባት ነው። ፒሲኤል ለሚያውቅ ፕሪንተር ደግሞ ከጽሑፉ በፊት ኤስኬፕ፣ አምፐርሳንድ፣ ትንሹ «ኬ»፣ 2 እና ትልቁ «ጂ» ከተላኩለት 10ን ሲያይ ወደ ግራም ይመለሳል።

ዘጠኙ ሲፈቱ

የ«ሰላም» ወረፋ «ጥሬ» ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ምንም ሳይቀይር ያሳልፋል። ፋይሉን በባይት ከፍቶ ማየት ሁሉንም ገለጠው። በዩቲኤፍ-8፣ ፊደልን በባይት በሚጽፈው አሠራር፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው። «ላ» 225፣ 136፣ 139። «ም» 225፣ 136፣ 157። የፊደል ገበታችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች የቁጥር መዝገብ) ውስጥ የገባው በአንድ ተከታታይ ስፍራ ስለሆነ ሁሉም በ225 ይጀምራሉ፤ ከ«ሀ» እስከ «ሸ» ቤት ያሉት ደግሞ ሁለተኛው ባይታቸውም 136 ነው።

ፕሪንተሩ ውስጥ ያለው የፊደል ሰንጠረዥ የአሮጌው አይቢኤም ፒሲ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ ሙሉ ፊደል ያነባል። 225 በእሱ ዘንድ የጀርመኖቹ ፊደል፣ 136 ቆብ የደፋው «ኢ»፣ 176 ነጠብጣቡ ሳጥን፣ 139 ባለ ሁለት ነጥቡ «አይ»፣ 157 የን። ዘጠኝ ባይት ተላከ፣ ዘጠኙም ሳይጎድል ሳይዛነፍ ደረሰ። ወረቀቱን እንደገና ሳየው የተመሰከረልኝ ይህ ነው፦ ኬብሉ ደህና፣ ስዊቹ ደህና፣ አድራሻው ትክክል፣ ፖርቱ ክፍት፣ ቶነሩ በቂ። ከሁሉም ይልቅ የታመነው እጅ ፕሪንተሩ ሆኖ ሳለ የተነቀለውና የተሰካው እሱ ነበር፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ነው። የጎደለው ግዕዝን ወደ ሥዕል የሚቀይር አንድ እጅ ነበር፣ እሱም መኖር ያለበት ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ይህ ፕሪንተር የግዕዝ ፎንት የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ በጥሬ ወረፋ አይላክ። መጀመሪያ ፎንቱ ውስጡ የገባበት ፒዲኤፍ ወይም ፖስትስክሪፕት ይሁን። ከተርሚናል ለሚሠራ ሰው ፓፕስ የሚባለው አነስተኛ ፕሮግራም ተራ የዩቲኤፍ-8 ጽሑፍን ወስዶ ይህን ያደርጋል፤ ለሰነድ ሊብሬኦፊስ መስኮት ሳይከፍት ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ይችላል። ፖስትስክሪፕት ለማያውቅ ፕሪንተር ጎስትስክሪፕት ወደ ፒሲኤል ይተረጉምለታል።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ሕመም ይመጣል፣ ከመጀመሪያው ጋር ግን መምታታት የለበትም። በምልክቶቹ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከወጡ፣ ለአንድ ፊደል አንድ ሳጥን፣ ሥርዓቱ ፊደሉን አውቆታል፤ የሚስለበት ፎንት ነው ያጣው። ይህ በተለይ ስክሪን በሌለው ሰርቨር ላይ ያጋጥማል፦ በጠረጴዛው ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ፒዲኤፉ የሚሠራው ግን ፎንት ባልተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው። ኤፍሲ-ሊስት የሚለውን ትዕዛዝ «ላንግ» እኩል ይሆናል «ኤኤም» ብላችሁ ስትጠይቁት አማርኛን የሚሸፍኑ ፎንቶችን ይዘረዝራል። ባዶ ከመለሰ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን መጫን ነው። ፒዲኤፉ ከተሠራ በኋላ ፒዲኤፍፎንትስ የሚባለው ትዕዛዝ እያንዳንዱ ፎንት በፋይሉ ውስጥ ተካቶ እንደሆነ «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ይመልሳል። «ኖ» ያለበትን ፋይል ወደ ሌላ ማሽን አትላኩ።

የወረቀቱን ልክም በወረፋው ላይ ኤ4 ብሎ ማጽናት ያስፈልጋል። አሜሪካ ካለ ዘመድ የሚመጣ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ሌተር ነው፣ 216 በ279 ሚሊሜትር፤ የእኛ ኤ4 ደግሞ 210 በ297። ልኩ ካልተስተካከለ ፕሪንተሩ ትሪው ውስጥ የሌለ ወረቀት እየጠበቀ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ሥራ ሁሉም አብሮ ይቆማል።

ለመጨረሻው ሙከራ «ሰላም» ብቻ አይበቃም። «ቋ»፣ «ኳ»፣ «ጓ»፣ «ፏ» ይግቡበት፤ «፩፪፫» ይግቡ፤ አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ይግቡ፤ ከሌላ ፎንት ተበድሮ የሚሳል ፊደል ካለ በቁመቱና በውፍረቱ እዚሁ ይታወቃል። ከዚያ «ሉ» እና «ሊ»ን በ8 ነጥብ መጠን ጎን ለጎን አትሙ። የሁለቱ ልዩነት ቀኝ እግር ላይ ያለችው አጭር መስመር ከመሀል መሆኗ ወይም ከሥር መሆኗ ነው። የቶነር ቆጣቢው በርቶ ከሆነ መስመሯ ትሳሳለች። ቆጣቢው ይጥፋ፣ ጥራቱ 600 ነጥብ በኢንች ይሁን፣ ወረቀቱም ብርሃን ያለበት ቦታ ተወስዶ ይነበብ።